የጄኖቬቫ ጨፌ

«አበልጄ፣ ነገ ወጥተን የላይኛውን ሜዳ በር እንየው እንዴ?» አለ ፕሪሚቲቮ፣ ያንሾካሾከ መስሎት።

ፕሪሚቲቮ ሲያንሾካሽክ ማዶ ሰፈር ይሰማል። ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲጠራበት የኖረ ጉሮሮ ስለሆነ ዝቅ አድርግ ቢሉት አይወርድለትም። መቁጠሪያውን የሚመሩት ሊብራዳ ጸሎታቸውን አቋርጠው በመነጽራቸው አናት ላይ አዩት።

«ፕሪሚቲቮ፣ ሦስተኛውን ምስጢር ጨርሰን አራተኛውን ልንጀምር ነው። በእመቤታችን መቁጠሪያ ውስጥ የበር ምስጢር የሚባል የለም።»

ሶፋው ላይ የተደረደሩት ሴቶች አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ፕሪሚቲቮ አማተበ። አቤኒሲዮ ግን ቀና አላለም፤ ጫማውን እያየ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» እስኪባል ጠበቀ።

ሟቿ ጄኖቬቫ የአቤኒሲዮ ታላቅ እህት ናት። ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደች፤ ስለዚህ ቤቱም፣ ከመንደሩ በላይ ያለው ሜዳም፣ ለቅሶውም የእሱ ሆነ። ዘጠኙ የመቁጠሪያ ምሽቶች ገና መጀመራቸው ነው። ጎረቤት በየተራ ቀይ በርበሬ የተደፋበት የበቆሎ ሾርባ፣ ፖሶሌ፣ በትልልቅ ድስት እያመጣ፣ «እግዜር ያጥናህ» እያለ፣ ቁጭ ብሎ በቆሎውን እያላመጠ ስለ ድርቁ ያወራል። አቤኒሲዮን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው። እንግዳ ሲገባ ቡና ልቅዳ ብሎ ይነሳና ስኒ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ጎረቤቶቹ ያውቃሉ። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ያወጡለታል። በገዛ እህቱ ቤት እንግዳው እሱ ነው፤ ይህ አሳፈረው።

የተጣሉት በሣር ነው። ሰው በገንዘብ ይጣላል፣ በሴት ይጣላል፤ እነዚህ ግን በሣር ተጣልተው አረጁ።

ሜዳው ላ ሲዬኔጋ ይባላል፣ በስፓኒሽ ጨፌ ማለት ነው። እነሱ ልጆች ሳሉ ጨፌነቱን በዓይኑ ያየ ሰው በመንደሩ አልነበረም። የነበረው መሃሉን ለሁለት የሰነጠቀ፣ ፈረስን ከነጋላቢው የሚሰውር ቦረቦር ነው፤ ከቦረቦሩ ወዲህና ወዲያ ደግሞ አቧራና ላም። ጄኖቬቫ አንድ ቀን ከብት ሲነዱ አባታቸውን ጠየቀች።

«አባዬ፣ ጨፌው የት አለ?»

«ስም ነው ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ጨፌ አሉት?»

«አጎትሽንስ መልአክ ብለው ሰይመውት የለ? ክንፍ አይተሽበታል?»

አጎታቸው አንሄል፣ ማለትም መልአኩ፣ የሰፈሩ አንደኛ ሰካራም ነበር። አቤኒሲዮ ከኮርቻው ላይ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። ጄኖቬቫ አልሳቀችም። እሷ ነገር ሲገባት እንጂ ሲነገራት የምትተው ልጅ አልነበረችም።

አባታቸው ሲሞት የታችኛው እርሻ ለወንዱ፣ ሜዳው ለሴቷ ደረሰ። ለብዙ ዓመት ይህ ምንም አልለወጠም፤ የእሱም፣ የእሷም፣ የፕሪሚቲቮም ላሞች አብረው ይወጡ፣ አብረው ይወርዱ ነበር። አንድ የጸደይ ጠዋት ግን የቦረቦሩ ከንፈር ተናደና የጄኖቬቫን እርጉዝ ጊደር ይዟት ገባ። አቤኒሲዮ ጠመንጃውን ይዞ ሲደርስ እህቱ ከታች፣ የጊደሯን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የጊደሯ ሁለት እግር ተሰብሯል። ጄኖቬቫ ግን የምታየው አዲስ የተናደውን ግድግዳ ነው። ከሜዳው ወለል አንድ የሰው ቁመት ዝቅ ብሎ፣ በቢጫው አፈር መሃል፣ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ወፍራም ንጣፍ ነበር። ከውስጡ ዘግና ወደ ላይ ዘረጋችለት።

«ሽተተው።»

«ጊደሯ እያጣጣረች አንቺ አፈር ታሸቻለሽ?»

«ይህ የቄጠማ ሥር ነው አቤኒ። የበሰበሰ ቄጠማ። እዚህ ውሃ ተኝቶበት ነበር። አያቶቻችን አልዋሹም።»

እሱ ጠመንጃውን አቀባበለ። በዚያው መከር ጄኖቬቫ ላሞቿን ሸጠች፤ የሜዳውንም በር በሁሉም ላይ ዘጋች። ወንድሟን ጨምሮ።

«የአባታችንን ሜዳ ለአጋዘን ልትሰጪው ነው?» አላት በሩ ላይ ቆሞ።

«ላሳርፈው ነው። ደክሞታል።»

«ሜዳ ይደክመዋል?»

«አንተ አይደክምህም?»

«ላም የማይገባበት ሜዳ ምኑን ሜዳ ሆነ!»

«አልሆነም። ጨፌ ነው።»

በዚሁ ተለያዩ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለጄኖቬቫ አላዳሉም። ላም ሲቀር የወጣው ኮሸሽላ ነው። አቧራው እንዳለ፣ ቦረቦሩ እንዳለ፣ እሾኹ ደግሞ ጉልበት ደረሰ። መንደሩ «ፌንጣ አርቢዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ፕሪሚቲቮማ ተረቱን ገልብጦ «ሣር አለኝ በምድር፣ ላሜን ግን አላይ» እያለ በየሠርጉ ያስቅባት ነበር። እሷ ትሰማለች፤ አትመልስም። በየዓመቱ ግን በገበሬዎች ጠባቂ በቅዱስ ኢሲድሮ ዕለት፣ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ወንድሟን ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትለዋለች።

«መጥተህ አታይም?»

«ኮሸሽላ ምን የሚታይ አለው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ እንኳ አንዳንዴ ይቀደዳል።

አቤኒሲዮ ባያይም ነገሩ መለወጥ ጀምሮ ነበር። የአኻያው ዛፍ ለካ ከመጀመሪያውም አልጠፋም፤ በየዓመቱ ከመሬት ብቅ ሲል ላሞቹ እየቀነጠሱት ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ የኖረ ነው። የሚቀነጥሰው ሲጠፋ ተመነደገ። አኻያው ቁመት ሲያወጣ ቢቨር መጣ። ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ። ያንን ጠፍጣፋ ጭራውን እየጎተተ፣ በጥርሱ ግንድ እየጣለ ቦረቦሩን ይገድብ ያዘ።

እዚህ ላይ መንደሩ ተቆጣ። እኛ ዘንድ ሰው ዘር ማንዘርህን ቢሰድብ በሽማግሌ ይታረቃል፤ ውሃህን ከላይ ከያዘብህ ግን ሌላ ነገር ነው። የዚያን ዓመት የመንደሩ የመስኖ ቦይ የውሃ አባት ፕሪሚቲቮ ነበር። ወንዶቹን አካፋና ዲጂኖ አስይዞ ወጣ፤ አቤኒሲዮም አብሮ። ጄኖቬቫ በረንዳዋ ላይ ቆማ ሲያልፉ አየቻቸው።

«ስታፈርሱት ቀስ በሉ። ከኋላው ያለው ውሃ ብቻ አይደለም።»

ማን ይስማት! ግድቡን በአንድ ጠዋት ነቀሉት፤ ቢቨሩ ያጠራቀመው ደለል በሙሉ ተግተልትሎ ወርዶ የመንደሩን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደፈነው። ውሃ ሊያመጡ ሄደው ጭቃ ይዘው መጡ ተባለ። ዛሬም አንዱ ነገር ሲያበላሽ «ዲጂኖ ይዘህ ወጣህ እንዴ?» እንባባላለን። ቦዩን ሊጠርግ መንደሩ ሲሰበሰብ ጄኖቬቫ አካፋዋን ይዛ መጣች፤ ከወንድሟ አጠገብ ቆማ እስኪመሽ ጭቃ ዛቀች። «ብዬ ነበር» አላለችም። ብትለው ይቀለው ነበር። ቢቨሩ ደግሞ የሚታክት ፍጥረት አይደለም፤ ሳምንት ሳይሞላ ሥራውን እንደገና ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ዲጂኖ ይዞ ለመውጣት የደፈረ የለም።

አሁን ታዲያ ጄኖቬቫ የለችም፤ ሜዳው የአቤኒሲዮ ነው። ድርቁ ደግሞ አገሩን አቃጥሎታል። ላሞች ከደኑ ግጦሽ ያለጊዜያቸው እንዲወርዱ ተደርገዋል። አቤኒሲዮ በረዶ ለሚወርድበት ክረምት መኖ ካላገኘ ከብቶቹን ከመንጋ ወደ ጥቂት ራስ ማውረዱ ነው፤ የአባቱ ምልክት የተተኮሰበትን የከብት ዘር መበተን ማለት ነው። እና እዚያ ላይ፣ ከመንደሩ በላይ፣ የላም ጥርስ ሳይነካው ዓመታት ያለፉት ሣር ቆሟል። ፕሪሚቲቮ በቀብሩ ዕለት ነው ያነሳው፤ አቤኒሲዮም «ዘጠኙ ይለቅና እናስገባቸዋለን» ብሎ ቃል ሰጥቷል።

በማግስቱ በፕሪሚቲቮ ፒክአፕ ወጡ። በሩን ከፍተው፣ ሽቦውን መሬት ላይ ጥለው በእግራቸው ገቡ።

አቤኒሲዮ ጥቂት ተራምዶ ቆመ። መጀመሪያ ቦታ የሳተ መሰለው። ቦረቦሩን በዓይኑ ፈለገ፤ የለም። ጊደሯ የወደቀችበት፣ እሱ ጠመንጃ ደግኖ የቆመበት ያ ገደል በደለልና በውሃ ሞልቶ ከሜዳው እኩል ሆኗል። ከሰው ራስ የሚበልጥ አኻያ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ከአኻያው ወዲህ ቄጠማ፣ ከቄጠማው ወዲህ ፊላ፤ በመካከላቸው ሰማዩን የያዙ ኩሬዎች፣ አንዱ ከአንዱ በቢቨር ግድብ ተያይዘው። ትከሻቸው ቀይ የሆነ ጥቁር ወፎች ፊላው ጫፍ ላይ ተሰቅለው ይጨቃጨቃሉ። እንቁራሪት በቀን ይጮሃል። ከታች ያለው አገር በሙሉ እንደ ቆሎ ተቆልቶ፣ እዚህ አየሩ ራሱ ይቀዘቅዛል።

ሁሉም ያማረ ነበር ብዬ አልዋሽም። ዳገቱ በኩል፣ ውሃው በማይደርስበት፣ ያልተጋጠው ሣር አርጅቶ በራሱ ላይ ተኝቷል፤ የጥድ ችግኝም ሰርጎ ገብቶበታል። አባታቸው ከብት የሚነዳበት መንገድ ጠፍቷል። አቤኒሲዮ ይህንንም አየ፤ ለመንገዱ አዘነ።

ፕሪሚቲቮ ግን የሚያየው ሣር ብቻ ነው።

«አበልጄ! እይ እንጂ! ላም እዚህ ውስጥ ገብታ ጭራዋን አናገኘውም!» ብሎ እጁን ዘርግቶ ወደ ቄጠማው ገሰገሰ። «እስከ ሆዴ ነው! እስከ ደረቴ ነው! አሁን ደግሞ…»

ድምፁ ተቋረጠ። አቤኒሲዮ ዞር ሲል ባርኔጣው ብቻ ነው የሚታየው።

«ምን ሆንክ?»

«ምን ሆንክ ይለኛል እንዴ! እጅህን ስጠኝ!»

«የት ነህ?»

«የት እሆናለሁ! ጨፌ ውስጥ ነኛ!»

አያቶቻችን ከሞቱ ወዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ያንን ቃል ጭቃው ውስጥ ቆሞ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው ፕሪሚቲቮ ሆነ። የስሙስ ትርጉም «የመጀመሪያው» አይደል? እስከ ጭኑ ጭቃ ውጦት፣ አፉን ከፍቶ አበልጁን ያያል።

አቤኒሲዮ ሳቀ። ሐዘንተኛ ነው፣ ጥቁር ለብሷል፤ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጨፌ ውስጥ ነኛ!» እያለ ይደግመዋል፤ ደግሞ ይስቃል። ፕሪሚቲቮ ይሳደባል። ሳቁ መቼ እንደተለወጠ ሁለቱም አላወቁም። ፕሪሚቲቮ መሳደቡን ያቆመው የአበልጁ ትከሻ በሌላ ዓይነት መንገድ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ነው።

«በየዓመቱ ነበር የምትለኝ» አለ አቤኒሲዮ። «ና እይ። መጥተህ እይ። ምን ነበረበት ባየው? አንድ ቀን ምን ነበረበት?»

«እሱን በኋላ ታለቅሳለህ አበልጄ፤» አለ ፕሪሚቲቮ በለሆሳስ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እኔ እየሰጠምኩ ነው።»

በአኻያ ቅርንጫፍ ጎትቶ አወጣው። አንዱ ቡት ጫማ እዚያው ቀረ። እስከ ትከሻቸው ጭቃ ሆነው፣ የበሩን ነገር እንኳ ረስተው ወረዱ።

አቤኒሲዮ ሊብራዳን በእህቱ ወጥ ቤት ድስት ሲያጥቡ አገኛቸው። ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ሄድክ ማለት ነው።»

«ሄድኩ እትዬ ሊብራዳ።»

«ከረፈደም ቢሆን ሄድክ። ተቀመጥ፤ ወንበሩን ጭቃ አታስነካ ብቻ።»

ቡና ቀዱለት። በመስኮቱ በኩል የመንደሩ ቦይ ሲወርድ ይሰማል።

«እስቲ ልጠይቅህ» አሉት። «በአባትህ ጊዜ ይህ ቦይ በዚህ ወቅት ውሃ ነበረው?»

«የት አባቱ! ሐምሌ ሳያልቅ ይደርቅ ነበር።»

«አልፋልፋህን በዓመት ስንት ጊዜ ታጭድ ነበር?»

«አንዴ። አንዴ ነዋ።»

«አሁንስ?»

አቤኒሲዮ ስኒውን ወደ አፉ ሊያደርስ ብሎ መንገድ ላይ ያዘው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሁለተኛ ያጭዳል። ዘንድሮ እንኳ፣ በዚህ ድርቅ፣ ሁለተኛው የአልፋልፋ መኖ እርሻው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

«ማንን ነበር የምታመሰግነው?» አሉት ሊብራዳ።

«ቅዱስ ኢሲድሮን።»

«እሱም ቢሆን ሰው ይልካል እኮ።»

«አልነገረችኝም።»

«ምን ብላ ትንገርህ? በረዶው ሲቀልጥ በአንድ ወር ተንደርድሮ የሚያልፈው ውሃ አሁን እላይ ጨፌው ውስጥ ተኝቶ ይከርምና ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህን ለአንተ መንገር ለድንጋይ ወንጌል ማንበብ ነበር። እሷ ደግሞ ሥራ ነበረባት።» እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ። «አትቀየማት። አልተቀየመችህም። ሲታጨድ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ እርሻህን ታይ ነበር። ደስ ይላት ነበር።»

ይህ የመጨረሻው አቤኒሲዮን ከጭቃውም ከድርቁም ይልቅ ጎዳው። ደግሞም በሆነ መንገድ ደገፈው። ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ገርሞት ቡናውን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው።

በዘጠነኛው ምሽት ቤቱ ሞላ። ሊብራዳ የመጨረሻውን «አሜን» አሉ፤ ሰዉ ወንበሩን አንቀሳቀሰ፤ ሳህን ዞረ። ፕሪሚቲቮ የልጁን ጫማ አድርጎ መጥቷል፤ ይጠበዋል መሰለኝ እግሩን እያነሳ ይጥላል። እንደ ልማዱ አንሾካሾከ፤ እንደ ልማዱ ሁሉም ሰማ።

«እህ አበልጄ፣ ዘጠኙ ለቀቀ። ነገ እናስገባቸው?»

ማንኪያ የያዘ ሁሉ አቆመ።

«አናስገባም» አለ አቤኒሲዮ።

«ምን ማለት ነው አናስገባም? ቃል ሰጥተኸኛል!»

«ሰጥቻለሁ። ሜዳ መስሎኝ ነው የሰጠሁህ። አንተው አይደለህ ጨፌ ነው ያልከኝ?»

አንዱን ሰው ጉርሻው ትን አለው። ፕሪሚቲቮ ቀላ።

«ቀልዱን ተወው። ከብቶቼ ምን ይብሉ? ያንተስ?»

«ድርቆሽ» አለ አቤኒሲዮ። «ሁለተኛውን አልፋልፋ አብረን እናጭዳለን፣ አብረን እንካፈላለን። ለሁሉም አይበቃም፤ አውቃለሁ። ያረጁትን እሸጣለሁ። አንተም ትሸጣለህ። የቀሩት ግን ክረምቱን ይወጣሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ውሃው ይወርዳል፤ በሚቀጥለውም። ጨፌውን ካስረገጥነው አንድ ክረምት በልተን ቦዩን እናደርቃለን።» ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። «እህቴ ሣሩን ከለከለችን ስንል ኖርን። ውሃውን በደጃችን ሰድዳልን ኖሮ። እኔ ነኝ ያላየሁት። ሁላችሁም ፊት እላለሁ፤ ልክ ነበረች።»

ፕሪሚቲቮ ሳህኑን አስቀመጠ። እልኸኛ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም፤ የውሃ አባትም የነበረ ነው፤ የሚወርድ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

«ቡት ጫማዬስ?» አለ በመጨረሻ።

«ለቢቨሩ ተወው። ግድብ ይጠግንበታል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሊብራዳ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ጄኖቬቫ ይህን ያህል ሰው ሲስቅ ሰምታ አታውቅም፤ በእሷ ላይ ካልሆነ በቀር።

ጠዋት አቤኒሲዮ ብቻውን ወጣ። በሩ እንደጣሉት መሬት ላይ ተዘርግቷል። አነሳውና ጎተተው።

የሽቦ በር መዝጋት ላልሞከረው ቀላል ይመስለዋል። ሽቦዎቹ የታሰሩበትን እንጨት በእጅህ ብትስበው የአጥሩ ምሰሶ ላይ ያለው የሽቦ ቀለበት ጋ አይደርስም። በክንድህ አቅፈኸው፣ ትከሻህን ሰጥተህ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ ወደ ደረትህ ልታስጠጋው ይገባል። ጄኖቬቫ ደግሞ አጥብቃ ነው የሠራችው። ያቺ ቀጭን ሴትዮ ይህን ዕለት ዕለት እንዴት እንደዘጋችው እያሰበ ሞከረ፤ አመለጠው። ደግሞ ሞከረ፤ አመለጠው። ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ አኖረ፣ በሁለት እጁ አቀፈው፣ ጉንጩን እንጨቱ ላይ አድርጎ ሳበ።

እንጨቱ ቀለበቱ ውስጥ ገባ። ከአኻያው ጀርባ ዳክዬዎች ተነስተው ዞረው እዚያው አረፉ። በሩ ተዘግቷል፤ አሁን መልቀቅ ይችላል። አቤኒሲዮ ዓይኑን ጨፍኖ እንጨቱን እንዳቀፈ ቆየ።